የፔፕሲኮ የትርፍ ድርሻ እስከ የት ይዘልቃል?



የዛሬው ገለጻዬ የተነሣው ከአንድ የስልክ ጥሪ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ሠላሳ ዓመት ያህል፣ መጀመሪያ በመኪና ማቆሚያ፣ ኋላም በታክሲ ሾፌርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ከተረፋቸው ገንዘብ ጥቂት በጥቂት የፔፕሲኮን አክሲዮን ሲገዙ ኖረው ዛሬ 600 አክሲዮን አላቸው። በየሦስት ወሩ የሚደርሳቸው የትርፍ ድርሻ ከ800 ዶላር ያልፋል። የቤታቸውን ግብር የሚከፍሉትና የመድኃኒታቸውን ወጪ የሚሸፍኑት በዚሁ ገንዘብ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ደውለው፣ «አንተ የፋይናንስ መምህር ነህና ንገረኝ፤ ይህ ገንዘብ እስከ መቼ ይመጣልኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ሳላመነታ፣ ኩባንያው የትርፍ ድርሻውን ከ50 ዓመት በላይ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ሲያሳድግ የመጣ ነውና አይስጉ አልኋቸው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መልሴ ለራሴም አልጣመኝም። አንድ ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ እንዲህ ቢጽፍልኝ ግማሽ ነጥብ እንኳ የምሰጠው አይመስለኝም። የተጠየቅሁት ስለ ነገ ነበር፤ የመለስሁት ስለ ትናንት ነው። የኩባንያው የ2024 የበጀት ዓመት ሪፖርት በጥር ወር መጨረሻ ሲወጣ፣ ያለፉትን ዓመታት ሪፖርቶች አጠገቡ ዘርግቼ ተቀመጥሁ። ዛሬ የማቀርብላችሁ በዚያን ጊዜ መስጠት የነበረብኝን መልስ ነው። በገለጻዬ ውስጥ የኩባንያውን ዓመታት የምጠራው በእነርሱ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ስለ ሩቅ አገር ኩባንያ መናገሬ ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ይኖራል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ሥራ ጀምሯል፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢም ወጋገን ባንክ ሆኗል። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ራሱ ወይም ቤተሰቡ የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ጥቂት አይመስለኝም። ይሁን እንጂ የአገራችን ባለአክሲዮን በጠቅላላ ጉባኤ የሚጠይቀው ዘወትር «ዘንድሮ ስንት በመቶ ተከፈለ?» ብሎ ነው፤ «የተከፈለው ከየት መጣ?» የሚል ሲነሣ የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ለመለማመድ ሂሳቡ በዝርዝር ለሕዝብ የሚወጣ፣ ታሪኩ ረጅም የሆነ ኩባንያ ያስፈልጋል። ፔፕሲኮ ለዚህ ይመቻል።

በመጀመሪያ ስለ ኩባንያው ማንነት። በእኛ አገር ሰው ጆሮ ፔፕሲ ማለት ለስላሳ መጠጥ ነው። ኩባንያው ግን በ1965 ፔፕሲ ኮላ ከፍሪቶ ሌይ፣ ማለትም ከድንችና ከበቆሎ ጥብስ አምራቹ ጋር ተዋሕዶ የተፈጠረ ነው። ሌይስ፣ ዶሪቶስና ቺቶስ የሚባሉት የታሸጉ መክሰሶች የእርሱ ናቸው፤ የኩዌከር አጃም እንዲሁ። በ2024 ካገኘው 91.9 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው ከምግብ የመጣ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። በአማርኛ «የትርፍ ድርሻ» እንላለን። ቃሉ ውብ ነው፤ ነገር ግን ያሳስታል። ከትርፍ ተቆርሶ የሚሰጥ ድርሻ ያስመስለዋል። ትርፍ ግን በሂሳብ ሠራተኛ ብዕር የሚወጣ ውጤት ነው፤ በውስጡ ገና ያልተሰበሰበ ሽያጭ፣ ገና ያልተከፈለ ወጪ፣ በግምት የተቀመጠ የእርጅና ቅናሽ አለበት። ባለአክሲዮኑ ባንክ ሂሳብ ውስጥ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ነው። የመድኃኒት መሸጫውም የሚቀበለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዘላቂነትን የሚመዝን ሰው ሁለት ሂሳቦችን ጎን ለጎን ማየት ይገባዋል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ካልነገሩት የጥሬ ገንዘቡን ማመን አለበት።

የትርፉን ሂሳብ እንይ። በ2024 የአንድ አክሲዮን የተጣራ ትርፍ 6.95 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ለአንድ አክሲዮን የታወጀው የትርፍ ድርሻ 5.33 ዶላር ነው። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ትርፍ 77 ዶላር ያህሉ ለባለአክሲዮን ወጥቷል ማለት ነው። ከ10 ዓመት በፊት፣ በ2014፣ ይኸው ምጣኔ 60 በመቶ ገደማ ነበር። ኩባንያው ራሱ «ኮር» የሚለውን ሌላ ትርፍ ያወጣል፤ ልዩ ናቸው ያላቸውን ነገሮች አስወግዶ የሚያሰላው ነው። በዚያ ስሌት የአክሲዮኑ ትርፍ 8.16 ዶላር ይሆንና የክፍያው ምጣኔ ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። የገበያ ተንታኞች ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት ይህን ሁለተኛውን ነው። እኔ እጠራጠረዋለሁ። ከተወገዱት ወጪዎች አንዱ የመልሶ ማደራጀት ወጪ ነው፤ ኩባንያው በ2019 የጀመረው ምርታማነትን የማሳደግ መርሐ ግብር እስካሁን አልተቋጨም፤ ወጪውም በየዓመቱ ይመጣል። በየዓመቱ የሚመጣን እንግዳ «ድንገተኛ» ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ለማንኛውም በ65ም ሆነ በ77 በመቶ ሂሳብ፣ የትርፍ መግለጫውን ብቻ ያነበበ ሰው ነገሩ ብዙም የሚያስጨንቅ አይመስለውም። ከትርፉ ሩብ ያህሉ ወይም ሲሶው በኩባንያው ዘንድ ይቀራልና። ለአጎቴ መልስ በሰጠሁበት ዕለት በአእምሮዬ የነበረው ሥዕል ይህ ነበር።

የጥሬ ገንዘቡ መግለጫ ግን ሌላ ይናገራል። በ2024 ከሥራው የገባው ጥሬ ገንዘብ 12.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከዚህ ላይ ለፋብሪካ፣ ለመጋዘን፣ ለጭነት መኪናና ለመሳሰሉት የካፒታል ወጪ 5.3 ቢሊዮን ወጣ። የቀረው 7.2 ቢሊዮን ነው። ለባለአክሲዮኖች የተከፈለው የትርፍ ድርሻስ? እርሱም 7.2 ቢሊዮን። ወደ ሚሊዮን አውርዳችሁ ስታነጻጽሩት እንዲያውም ክፍያው ከተረፈው በጥቂት አሥር ሚሊዮኖች ይበልጣል። በዚህ ላይ ኩባንያው 1 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ የራሱን አክሲዮን ከገበያ መልሶ ገዝቷል። ይህ ቢሊዮን ከዓመቱ ሥራ አልተገኘም፤ ከተቀማጭ፣ ከንብረት ሽያጭ ወይም ከብድር መምጣት ነበረበት።

አንድ ዓመት ብቻውን ምስክር አይሆንም የሚል ተማሪ ካለ ትክክል ነው። በ2023 ነገሩ የተሻለ ነበር፤ ከካፒታል ወጪ በኋላ የተረፈው 7.9 ቢሊዮን፣ የትርፍ ድርሻው 6.7 ቢሊዮን። በ2022 ደግሞ የባሰ ነበር፤ የተረፈው 5.6፣ የተከፈለው 6.2 ቢሊዮን። በዚያ ዓመት ጉድለቱ ብዙም ጎልቶ ያልታየው ኩባንያው የትሮፒካና ጭማቂ ሥራውን አብላጫ ድርሻ ሸጦ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስላገኘ ጭምር ነው። ሦስቱን ዓመታት ደምሬያቸዋለሁ። ከካፒታል ወጪ በኋላ የተረፈው 20.7 ቢሊዮን ዶላር፣ የትርፍ ድርሻው 20.1 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከ100 ዶላር 97ቱ ሄዷል። በትርፍ መግለጫው ላይ ሩብ ወይም ሲሶ ይተርፋል ያልነው ገንዘብ በጥሬው ሲፈለግ ሦስት በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ቁጥር ባገኘሁ ጊዜ ለአጎቴ የሰጠሁት መልስ አሳፈረኝ።

ነገር ግን ከአንድ ስሕተት ወደ ሌላው መዝለልም አይገባም። 97 በመቶ ሲባል የሚደነግጥ ሰው «የካፒታል ወጪ» የሚለውን ቃል መፈተሽ አለበት። ወጪው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያለውን ለማቆየት የሚወጣ ነው፤ ያረጀ ምድጃ ይቀየራል፣ የተበላሸ መኪና ይተካል። ሁለተኛው ለማደግ የሚወጣ ነው፤ አዲስ የማምረቻ መስመር ይተከላል፣ መጋዘኑ በማሽን እንዲሠራ ይደረጋል። የመጀመሪያው ቢቀር ኩባንያው ይሸረሸራል፤ ሁለተኛው ቢቀር ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ ዛሬ የሚሠራው ሥራ አይቆምም። የሂሳብ መግለጫው ሁለቱን ለይቶ አይነግረንም። መምህራን አንድ መላ እናስተምራለን፤ የዓመቱን የእርጅና ቅናሽ እንደ ማቆያ ወጪ መውሰድ። የፔፕሲኮ የዓመት እርጅና ቅናሽ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ነው። ስለዚህ ከ5.3 ቢሊዮኑ ከ2 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው ለዕድገት የወጣ ነው ልንል እንችላለን፤ ያ ከሆነ ኩባንያው ቢፈልግ ሊያስቀረው ይችላል፤ የትርፍ ድርሻውም በሰፊው የተሸፈነ ነው።

መላው ግን ቀዳዳ አለው። የእርጅና ቅናሽ የሚሰላው ንብረቱ በተገዛበት ዋጋ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የተገዛን መኪና ዛሬ ለመተካት ያን ጊዜ የወጣው ገንዘብ አይበቃም፤ በተለይ ከወረርሽኙ በኋላ ከታየው የዋጋ ንረት ወዲህ። ሌላም አለ። ኩባንያው ከ2022 እስከ 2024 በየዓመቱ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል፤ የሸቀጡ የሽያጭ ብዛት ግን አላደገም። ለዕድገት የወጣ ገንዘብ ዕድገት ካላመጣ፣ ምናልባት ከፊሉ ለማቆያ የወጣ ነበር ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። የእኔ ግምት፣ ግምት መሆኑንም አጥብቄ እናገራለሁ፣ ከዚያ 2 ቢሊዮን ግማሽ ያህሉን ብቻ «ሊቀር የሚችል» ብሎ መውሰድ ነው። በዚህ ሂሳብ ለትርፍ ድርሻው 8.2 ቢሊዮን ገደማ አለ፤ ክፍያው ደግሞ 7.2። ይህ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ገደል አፋፍ ላይ ያለ አይደለም።

እዚህ ላይ የቦርድ አባላት ስለ ትርፍ ድርሻ እንዴት እንደሚያስቡ ማወቅ ይጠቅማል። ጆን ሊንትነር በ1956 ባሳተመው ጥናት የ28 ኩባንያዎችን ኃላፊዎች አነጋግሮ ያገኘው ውጤት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ኃላፊዎቹ በየዓመቱ «ዘንድሮ ስንት እንክፈል?» ብለው ከባዶ አይነሡም። የሚነሡት ካለፈው ዓመት ክፍያ ነው፤ ትርፍ ሲያድግ ክፍያውን ቀስ እያሉ ያስከትሉታል፤ ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ደግሞ ከፍ ያደረጉትን መልሰው ዝቅ ማድረግን ነው። ስለዚህ ቅነሳ የሚመጣው ሌላው መንገድ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው። ይህ ለአጎቴ መልካም ዜና ነው። ግን የተደበቀ ጎን አለው፤ ቅነሳው የመጨረሻው እርምጃ ስለሆነ፣ ባለአክሲዮኑ ምልክቱን በትርፍ ድርሻው ላይ አያየውም። ድርሻው እስከ ዋዜማው ድረስ እያደገ ሊመጣ ይችላል።

ሚለርና ሞዲሊያኒ በ1961 እንዳሳዩት፣ ግብርና የግብይት ወጪ በሌለበት ዓለም ይህ ሁሉ ጭንቀት ከንቱ ነው፤ ገንዘብ የፈለገ ሰው ከአክሲዮኑ ጥቂት ሸጦ የራሱን ድርሻ ይሠራልና። ይህን ለአጎቴ በስልክ አስረድቻቸው ነበር። «እኔ ወተቱን ልጠጣ ነው የያዝኋት፤ አንተ ከላሚቱ ሥጋ ቆርጠህ ሽጥ ትለኛለህ» አሉኝ። የንድፈ ሐሳቡን ሰዎች የሚያረካ መልስ አይደለም፤ ጡረተኛ ሰው የሚያስበው ግን እንዲህ ነው፤ ቦርዶችም ይህን ያውቃሉ።

የፔፕሲኮ ቦርድ ከቅነሳ በፊት ምን ምን አለው? የመጀመሪያው የራሱን አክሲዮን መልሶ መግዛቱን ማቆም ነው፤ በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ያተርፋል፤ ማንም አያለቅስበትም። ሁለተኛው የካፒታል ወጪውን መቀነስ ነው። የሚቀልል አንድ ጊዜያዊ ሸክምም ነበረው፤ የ2017ቱ የአሜሪካ የግብር ሕግ በውጭ አገር በተከማቸ ትርፍ ላይ የጣለው ግብር በ8 ዓመት ተከፋፍሎ የሚከፈል ሲሆን፣ ክፍያው ወደ መጨረሻው የሚበዛ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በ2025 ወደ ማብቂያው ደርሶ ነበር። ሦስተኛው ብድር ነው። በ2024 መጨረሻ ኩባንያው 44 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳና 8.5 ቢሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ነበረው። ዕዳው ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን 12.9 ቢሊዮን የሥራ ትርፍ ላለው ኩባንያ የዓመቱ የተጣራ የወለድ ወጪ 1 ቢሊዮን እንኳ አልሞላም። የብድር ብቃት ደረጃ መዳቢዎቹም በጠንካራው ክፍል ያስቀምጡታል፤ ኤስ ኤንድ ፒ በኤ ፕላስ፣ ሙዲስ በኤ አንድ። አበዳሪ አያጣም።

ያም ሆኖ ብድር የትርፍ ድርሻ ምንጭ ሆኖ ሊኖር አይችልም። በወረርሽኙ ጊዜ በርካሽ ወለድ የተወሰደው ዕዳ ሲደርስ በዛሬው ወለድ ይተካል። ኩባንያው ከዚሁ ኪስ ሌሎች ኩባንያዎችንም እየገዛ ነው፤ በ2025 መጀመሪያ ሲዬቴ የተባለውን የምግብ አምራች በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል፤ በመጋቢት ወርም ፖፒ የተባለውን የለስላሳ መጠጥ በ1.95 ቢሊዮን ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። ከትርፍ ድርሻው በኋላ የተረፈ ገንዘብ እንደሌለ አይተናል። የእነዚህ ዋጋ ከየት እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ተውሁት ነጥብ ልመለስ፤ የነገሩ ልብ ያለው እዚያ ነው። በ2024 የሰሜን አሜሪካው የፍሪቶ ሌይ ክፍል ከኩባንያው ገቢ ያስገባው 27 በመቶውን ብቻ ነው፤ ከሥራ ትርፉ ግን ግማሽ ያህሉን አምጥቷል። ከአንድ ዶላር ሽያጭ 25 ሳንቲም ያተርፋል። የሰሜን አሜሪካው የመጠጥ ክፍል በገቢ ይበልጠዋል፤ ከአንድ ዶላር ሽያጭ የሚያተርፈው ግን 8 ሳንቲም ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከመጠጡ ጣዕም አይደለም። በአገራችን ፔፕሲን እየሞላ የሚያከፋፍለው ሞሃ የለስላሳ መጠጦች ኢንዱስትሪ ነው፤ የፋብሪካውና የማከፋፈሉ ሸክም የእርሱ ነው፤ ባለቤቱ ኩባንያ የሚሸጠው የመጠጡን ቅመም ነው። በአሜሪካ ግን ፔፕሲኮ በ2010 ሁለቱን ትልልቅ ጠርሙስ ሞዪዎቹን ራሱ ገዝቶ ሸክሙን ወደ ራሱ አዞረ። ተፎካካሪው ኮካ ኮላ በኋላ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ የአሜሪካ መሙያዎቹን ለሌሎች አስተላለፈ። ያ የካፒታል ወጪ ከየት እንደሚመጣ በከፊል የሚነግረን ይህ ታሪክ ነው።

እንግዲህ የአጎቴ የመድኃኒት ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ከድንች ጥብስ ነው። ድንች ጥብሱስ እንዴት ነው? በ2022ና በ2023 ፔፕሲኮ የሸቀጦቹን ዋጋ በየዓመቱ ከ10 በመቶ በላይ ጨመረ። የዘይቱ፣ የድንቹ፣ የደመወዙ ዋጋ ጨምሮ ነበርና ምክንያት አልታጣለትም። ገቢው በፍጥነት አደገ፤ የትርፍ ድርሻውም በ2023 በ10 በመቶ አደገ። ገዢው ግን ቀስ እያለ እጁን መሰብሰብ ጀመረ። በ2024 መጀመሪያ የፈረንሳዩ ካርፉር «ዋጋው ከልክ አልፏል» ብሎ የፔፕሲኮን ምርቶች ከመደርደሪያው ለሦስት ወር ያህል እስከ ማንሣት ደረሰ። በአሜሪካ ማንም ከመደርደሪያ አላነሣቸውም፤ ደንበኛው ራሱ አልፏቸው ሄደ እንጂ። በ2024 የፍሪቶ ሌይ የሽያጭ ብዛት ቀነሰ፤ ገቢውም በጥቂቱ ወረደ፤ የሥራ ትርፉ ከ6.8 ወደ 6.3 ቢሊዮን ዶላር ዝቅ አለ። የኩባንያው ጠቅላላ ገቢ ያደገው ከግማሽ በመቶ ባነሰ ነው።

በዚያ ዓመት የትርፍ ድርሻው በ7 በመቶ፣ በ2025 ደግሞ በ5 በመቶ እንዲያድግ ተወሰነ፤ ከዚያ ዓመት ሰኔ ጀምሮ የዓመቱ ክፍያ በአክሲዮን 5.69 ዶላር ሆነ። ገቢ በግማሽ በመቶ እያደገ ክፍያ በ5 በመቶ ሲያድግ፣ ልዩነቱን የሚሞላ ነገር መኖር አለበት። የ5 በመቶ ጭማሪ በዓመት ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዲስ ገንዘብ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ላይ ሌላ እንዲሁ። ኩባንያው በ2025 ለትርፍ ድርሻ 7.6 ቢሊዮን እንደሚያወጣ ተናግሮ ነበር። በሚያዝያ ወር ደግሞ የዓመቱን የትርፍ ትንበያውን ዝቅ አድርጎ፣ ከምንዛሪ ለውጥ ውጭ ሲታይ የአክሲዮን ትርፉ ካለፈው ዓመት ጋር እኩል እንደሚሆን አስታወቀ፤ የቀረጥ ጭማሪውንና የሸማቹን መዳከም በምክንያትነት ጠቅሷል።

ታሪክ እንዲህ ባለ ቦታ ቆመው የወደቁትን ያሳየናል። ክራፍት ሃይንዝ፣ እርሱም የታወቁ የምግብ ስሞች ባለቤት፣ በየካቲት 2019 የሩብ ዓመት ክፍያውን ከ62.5 ወደ 40 ሳንቲም አወረደ፤ በዚያው ዕለት የንብረቶቹን ዋጋ በ15.4 ቢሊዮን ዶላር ቀነሰ። ዎልግሪንስ የተባለው የመድኃኒት መደብር ለ47 ዓመታት ድርሻውን ሳያቋርጥ ሲያሳድግ ኖሮ፣ በጥር 2024 ከ48 ወደ 25 ሳንቲም አወረደው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ጭራሹን አቆመው። አርባ ሰባት ዓመት! ለአጎቴ «ከ50 ዓመት በላይ» ብዬ ስመልስ ይህን ረስቼው አልነበረም፤ ልጥቀሰው አላልሁም እንጂ።

ፔፕሲኮ ግን ክራፍት ሃይንዝ አይደለም። ክራፍት ሃይንዝ ወጪ ለመቁረጥ ሲል ስሞቹን አስርቧል ተብሎ ተወቅሷል፤ ፔፕሲኮ በብዙ እያወጣ ነው፤ ችግሩ የወጣው ገና አለመመለሱ ነው። ዎልግሪንስ የሚሠራበት ገበያ ራሱ ከሥሩ ተናግቶ ነበር፤ ሰው ግን መክሰስ መብላቱን አልተወም፤ የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሱት አዳዲስ መድኃኒቶች ይህን ልማድ ምን ያህል እንደሚለውጡት ገና የሚታይ ቢሆንም። ከዚህ በመነሣት የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ዛሬ የሚከፈለው የትርፍ ድርሻ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ይቀነሳል ብዬ አልጠብቅም፤ ከቅነሳ በፊት የሚዘጉ በሮች ብዙ ናቸው፤ ቦርዱም ከ50 ዓመት በላይ የቆየን ስም በቀላሉ አይጥልም። ባለፉት አሥር ዓመታት የታየው ዕድገት ግን ሊዘልቅ አይችልም። ከ2014 እስከ 2024 ገቢው 38 በመቶ ሲያድግ የአክሲዮኑ ድርሻ ከእጥፍ በላይ አድጓል፤ ልዩነቱ በከፊል የተሞላው ከትርፉ የሚከፈለውን እጅ ከ60 ወደ 77 በመቶ በማሳደግ ነው። ይህ መሰላል ደግሞ ጫፍ አለው። ድርሻው ከ2 ወይም ከ3 በመቶ በላይ እያደገ እንዲሄድ የድንች ጥብሱ ሽያጭ በዋጋ ብቻ ሳይሆን በብዛት ማደግ አለበት።

ገበያውም ይህን የተረዳው ይመስላል። በ2025 አጋማሽ አክሲዮኑ በ130 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ በዚያ ዋጋ የትርፍ ድርሻው ከ4 በመቶ ይበልጥ ነበር። ኩባንያው ለብዙ ዓመታት በ3 በመቶ አካባቢ ነበር። ድርሻው ከዋጋው አንጻር ከፍ ያለው ኩባንያው ደግ ስለሆነ ሳይሆን ዋጋው ስለወረደ ነው። «4 በመቶ ይከፍላል» ተብሎ የሚቀርብላችሁን ማንኛውንም አክሲዮን፣ የእኛንም ባንኮች ጨምሮ፣ በዚህ ዓይን እዩት።

ባለፈው ሳምንት ለአጎቴ መልሼ ደወልሁ። መጀመሪያ የሰጠሁዎት መልስ ችኩል ነበር ብዬ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያም «ታዲያ ልሽጥ?» አሉ። ሽጡም አትሽጡም ማለት የእኔ ድርሻ እንዳልሆነ ነገርኋቸው። ክፍያው ይመጣል፤ ነገር ግን የቤት ግብሩና መድኃኒቱ በ5 በመቶ ሲጨምሩ እርሱ በ2 በመቶ ብቻ ሊጨምር ስለሚችል፣ ጎዶሎው ከሌላ የሚሞላበትን ከአሁኑ ያስቡ አልኋቸው። እርሳቸውም የድንች ጥብስ ከገዙ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው፣ ከረጢቱ ትንሽ ዋጋው ትልቅ ሆኖባቸው በመደብሩ የራሱ ምርት እንደለወጡት ነገሩኝ። የ600 አክሲዮን ባለቤት ይህን ሲሉ ምን ብዬ እንደምመልስ አላወቅሁም።

የሚቀጥለው የሩብ ዓመት ሪፖርት ይወጣል። ከገጾቹ ሁሉ አስቀድሜ የምገልጠው የሰሜን አሜሪካውን የምግብ ሽያጭ ብዛት፣ ቀጥሎም ከካፒታል ወጪ በኋላ የተረፈውን ጥሬ ገንዘብ የሚያሳየውን ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።